የጡረተኛው ሹፌር ጎጆ

አውቶቡስ ሲነዳ ያረጀው ሹፌር ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል አልሆንለት ቢል፣ ቤተሰቡ አረፍ ብሎ የሚጫወትባት ጎጆ ጓሮ ውስጥ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሚስቱ፣ «መሪ እንጂ መዶሻ መች ጨብጠህ ታውቃለህ? አናጢ ጥራ» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ! ዝም ብለሽ እዪ» አላት። እውነትም እጁ አላሳፈረውም፤ ቋሚው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቆርቆሮውም ጥብቅ ብሎ ተመታ።

ለምረቃው ቤተሰቡ ገብቶ ሲቀመጥ ግን ሁሉም የፊተኛውን ሰው ማጅራት ያይ ጀመር። ሰውዬው ለካ አግዳሚዎቹን መሐል መሐሉን መተላለፊያ ትቶ፣ አንዱን ከአንዱ ኋላ ደርድሮ በሚስማር ቸንክሯቸዋል። የራሱን ወንበር ደግሞ ከሁሉም ፊት፣ በግራ በኩል ለብቻው ተክሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ጓሮውን በኩራት ያያል።

«እንዴ አባዬ፣ እንዲህ ሆነን እንዴት ነው የምንጫወተው?» አለች ልጁ።

«ጨዋታ በጆሮ አይደል እንዴ? እሰማችኋለሁ» አለ ሳይዞር።

ሚስቱ ከኋለኛው ወንበር ብድግ አለችና፣ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

ይሄኔ የሰውዬው ቀኝ እግር፣ ጌታውን ሳያማክር፣ ፍሬን ፍለጋ ወለሉን ረገጠ።