በሁዳዴ ቅቤ የተፈቀደለት ቆረቆር

ሠርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ሳለ መሀል አናቴ ላይ ቆረቆር ወጣብኝ። ሌላዋ ሙሽራ ስለ ጥሎሽ ትጨነቃለች፤ እኔ የሳንቲም ያህል ራሰ በራ ይዤ ቁጭ! አሰላ ደግሞ ወሬ ከጋሪ ይፈጥናል። ሹሩባ ስሠራ የባሌ እህቶች ሊያዩኝ መምጣታቸው አይቀር፣ ምን ልበላቸው?

ያሳደገችኝ አክስቴ በር እየዘጋች ቅቤ ትለቀልቀኝ ጀመር። በዚህ መሀል ዩኒቨርሲቲው በረብሻ ተዘጋና ኬሚስትሪ የሚያጠናው ወንድሜ ቤት መጣ።

«ይሄ ፈንገስ ነው» አለ፣ ራሴን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ። «የሴሉ ሽፋን ላይ ስኳርና ስብ ተያይዘው የተሠሩ ነገሮች አሉ። ስኳሩ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፣ ሁለቱ የስብ ጅራቶች ሽፋኑ ውስጥ ይቀበራሉ።»

አክስቴ ደረቷን መታች። «ስኳርና ስብ! እኛ እኮ ስንቀልበው ነው የከረምነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤ ከራሴ፣ ስኳር ከሻዬ ተከለከለ። እኔ ምን አጠፋሁ? ሻዩን የሚጠጣው ፈንገሱ ነው እንዴ!

«አክስቴ፣ ስቡን ራሱ ነው የሚሠራው» አላት ወንድሜ።

«ምን በልቶ?»

«ፀጉር።»

ምናለ አፉን ቢዘጋ! አክስቴ ምግቡን ልታቋርጥበት ምላጭ ፍለጋ ስትነሳ፣ ነጠላዬን አፈፍ አድርጌ ወደ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። እሷም ተከተለችኝ።

ሐኪሙ ኪኒን አዘዙልኝ። «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ሰውነትሽ በደንብ አይወስደውም። ቅቤ ብዪ።»

«ዶክተር፣ ሁዳዴ እኮ ነው!» አለች አክስቴ። «ቆረቆር ነው ጾም የሚያስፈታት?»

የንስሐ አባታችን ለታመመ ይፈቀዳል ብለው ገላገሉን። ቅቤውን የሚያቀብሉን ሙስሊም ጎረቤታችን ግን «ቆረቆሩ ሃይማኖቱ ምንድን ነው፣ አይጾምም?» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አክስቴ ገንፎዬን ሳትቀምስ ታገነፋለች፤ በቅቤው ሽታ ስትሰቃይ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። ወንድሜ አላስችል ሲለው «እኔንም ያሳክከኝ ጀምሯል» አለ። አክስቴ ብርሃን ላይ አውጥታ ራሱን ፈተሸችና «ያንተ ሆዳምነት ነው» ብላ መለሰችው።

ሠርጉ ደረሰ። ፀጉሬ በቅሏል፤ ግን ጣት የማይይዘው አጭር ነው። ሹሩባ ሠሪዋ «ይሄ አይጎነጎንም» አለች። የባሌ እህቶች ደግሞ ግቢ ገብተዋል፣ ድምፃቸው ይሰማል።

አክስቴ ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ሳስቷል፣ እንደ ድሮው አልነበረም። አንድ ዘለላ ከሥሩ በመቀስ ቆረጠችና «በዚህ ሸፍኚላት» አለች።

«ወይ ጉድ፣ ሙሽራዋ ሸብታለች!» አለች ከእህትማማቾቹ አንዷ፣ ገና ከመግባቷ።

«በሳል ልጅ ናት» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ሳቄን ልይዝ ስል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሙሽራ ታለቅሳለችና ማንም ለምን አላለኝም።