ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ድብ

የቀበሌያችን አዳራሽ አንዳንድ እሑድ ጠዋት የካርቱን ፊልም ያሳይ ነበር፤ በነጻ። ነጻነቱ ግን መጀመሪያ የውይይት ክበቡን እስከ መጨረሻው ለታገሠ ነው። ሌላ ጊዜ ከውይይት ለመቅረት የማልታመመው በሽታ አልነበረም። ለካርቱኑ ስል ግን ፊት ወንበር ላይ ተሰይሜ ስለ ምርት ዘመቻ ጥያቄ እስከ መጠየቅ ደረስኩ። ሰበቤ የአምስት ዓመት ልጄ ነበረች። "ልጅቷ እንድታይ ብዬ እኮ ነው" እላለሁ። ልጅቷ ውይይቱ ሳይጋመስ ጭኔ ላይ ለጥ ብላለች።

ፊልሙ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ነው። ከበሮ የሚመታ ድብ አለበት፤ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ አንድም አልነበረም። ልጄን ቀስቅሼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረጎምኩላት። ድቡ ምን እንዳለ ከድቡ የበለጠ አውቅ ነበር። እሷ ሳቀች፤ እኔ ከእሷ ብሼ ሳቅሁ።

በሳምንቱ መጋላ ገበያ ገባሁ። ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚመጣ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሶማሌ ነጋዴ ከበሮ ያነገተ የቆርቆሮ ድብ ነበራት። ኮንትሮባንድ ያዡ ፊናንስ እንዳያይባት በሽርጥ ጠቅልላ ከጨርቅ ክምር ሥር አወጣችው። ቁልፉን ጠምዝዛ ሞላችው፤ ድቡ ከበሮውን ደበደበ። ሦስት ጊዜ አስሞላኋት።

"አቦ፣ ወላሂ ንገረኝ፣ ለልጅህ ነው ላንተ?" አለችኝ።

"ለልጄ ነዋ!" አልኩ ተቆጥቼ፤ ገዛሁትም።

መቆጣቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ባቡር ነጂው አባቴ የቆርቆሮ ባቡር አምጥቶልኝ ነበር። አመጣልኝ ማለት እኛ ቤት ሳሎን ካለው ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን፣ ዳንቴል ላይ አቁሞ ቆለፈበት ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ "የልጁ ባቡር ነው" ይባላል። ልጁም በመስተዋቱ በኩል ባቡሩን ያያል። እጄ የገባው ጢሜ ሲያቆጠቁጥ ነው። ያን ቀን በጣም ነበር የከፋኝ፤ ልጅ ከወለድኩ መጫወቻውን አፈር ለአፈር እንዲጎትት እተወዋለሁ ብዬ ማልኩ።

መሐላዬን ጠብቄአለሁ፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ። ከዚያ ድቡ ከልጄ እጅ አምልጦ ወደቀና አንድ ጆሮው ጎበጠ። ጆሮውን በጥርሴ አቃንቼ፣ "ትንሽ እስክትጠነክር፣ ለጊዜው ነው" ብዬ እኔም ቡፌዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሕግም አወጣሁ፦ ድቡ እሑድ እሑድ ይወጣል፤ የምሞላው እኔ ነኝ፤ እሷ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ታያለች። በዚያ ዘመን አዋጅ ሞልቶ ነበር፤ የእኔን ያህል በትክክል ሥራ ላይ የዋለ ግን አላውቅም።

አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ ልጄና የጎረቤታችን ሕፃን በረንዳው ላይ ይጫወታሉ። ልጄ የጨርቅ አሻንጉሊቷን ባዶ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከታ ክዳኑ ላይ ተቀምጣበታለች።

"አንዴ ልያዛት" አለቻት የጎረቤቷ ልጅ።

"በዓይንሽ ብቻ!" አለች ልጄ። "ስታድጊ እሰጥሻለሁ።"

በተዘጋ ካርቶን ምን እንደምታይ እግዜር ይወቀው። ድምፁ ግን የእኔ ነበር፤ ከእኔ በፊት ደግሞ የአባቴ። አፈርኩ። ምሳዬን ትቼ ቡፌውን ከፈትኩና ድቡን ከነመሙያ ቁልፉ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ያንቺ ነው። ከፈለግሽም ስበሪው" አልኳት። ከሞላ ጎደል ከልቤ ነበር።

ድቡን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አቆመችው። ቁልፉን መልሳ ለእኔ ሰጠችኝና እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

"አባዬ፣ አንተ ተጫወት" አለችኝ። "እኔ አያለሁ።"