በወንድሜ ስም የጠበቅኩት በር

ገርጂ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

ዓርብ ጠዋት ከቤት የወጣሁት ሁለት ፊርማ ፍለጋ ነው፤ አንዱ አያት፣ ሌላው ቦሌ ካርጎ። ከተማ ሳይለቁ የጉዞ ማስታወሻ መጻፍ ሊያስቅ ይችላል። ይሳቅ። እኔ በኳስ ዘመኔ አገሩን በአውቶቡስ መስኮት አካልዬዋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ያደከመኝ መንገድ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሜ እዮብ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት በረኛ ሆኜ ስጫወት ግን ክለቦቹም ደጋፊውም የሚያውቁኝ ናትናኤል ብለው ነው። ናትናኤል በአራት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አንድ የታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ወደደኝ፣ ዕድሜዬ ግን አልፎ ነበር። እናቴ ከሳጥኗ የናቲን የስምንተኛ ክፍል ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። ያኔ ዕድሜ የማይቀንስ ተጫዋች አልነበረም ማለት ይቻላል። ሌላው ዓመተ ምሕረት ሲያስቀንስ እኛ ሙሉ ሰው ተዋስን። ናቲን የጠየቀው የለም።

አሁን ቦሌ ለሚ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ቡድን የበረኛ አሰልጣኝ ይፈልጋል። ጫማ ከሰቀልኩ ወዲህ ደላላም ሆኛለሁ፣ የሰው ሱቅም ጠብቄያለሁ፣ አንዱም አልሆነልኝም። የማውቀው በር ብቻ ነው። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሪት ሃና በደንብ አነጋግራኝ ስታበቃ፣ "የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ላይ ያለው ስምና የመታወቂያዎ ስም አንድ መሆን አለበት" አለችኝ። የመጨረሻው ክለቤ ማስረጃውን በፋይሉ ባለው ስም ጻፈው፤ ለናትናኤል። እንዲስተካከል ከፈለግኩ ያስመዘገበኝ አሰልጣኝና ባለስሙ ራሱ "ተጫዋቹ እዮብ ነበር" ብለው የሚፈርሙበት ቅጽ ክለቡ ሰጠኝ። ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላደረስኩ ሃና ቦታውን ለሌላ ትሰጣለች።

ባለቤቴ ሰላም እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። "ናቲን ቀስ ብለህ አነጋግረው" አለች።

"ወንድሜ አይደል እንዴ? ምን ያስፈራል?"

"ወንድምህ ስለሆነ ነው የምልህ።"

መገናኛ፣ ሁለት ሰዓት

ከገርጂ መገናኛ ታክሲው ጋቢና ተቀምጬ ሄድኩ። ሾፌሩ በጎን ሰረቅ አድርጎ ያየኛል። ከኢምፔሪያል ስናልፍ አላስቻለውም።

"ናቲ አይደለህም? በረኛው?"

ነኝ አልኩት። ምን እላለሁ?

"ያቺን ኳስ ግን እንዴት በእግርህ መሃል አሳለፍካት?"

ጉድ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ተጫውቼ ሰው የሚያስታውሰው አንዲት ኳስ ነው። ክለቦች በረኛ ከውጭ በሚያስመጡበት ዘመን አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ የውጭ አገር በረኛ ጀርባ ወንበር አሙቄያለሁ። ሰውዬው ተጎድቶ ተራዬ ሲደርስ፣ በሦስተኛው ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ በእግሬ መሃል ገባች። ከዚያ በኋላ ስሜ "ናቲ ቀዳዳው" ሆነ። የተጠባባቂ በረኛን ኑሮ ለሾፌሩ ላስረዳው አሰብኩና ተውኩት። በሳምንት ስድስት ቀን ትወድቃለህ ትነሳለህ፣ በሰባተኛው ቀን ቁጭ ብለህ ታጨበጭባለህ። ማን ይገባዋል?

መገናኛ ወርጄ ቁርስ ቤት ገባሁ። ፉሉ ዘይት በዝቶበታል፣ ዳቦው የትናንት ነው። አስተናጋጇ ዋጋ መጨመሩን የነገረችኝ ከበላሁ በኋላ ነው። ተናድጄ ከፈልኩ።

አያት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

በባቡር ሄድኩ። ተጠቅጥቀን፣ የአንዱ ክርን ጎኔን እየወጋኝ፣ ሲኤምሲን አልፈን መጨረሻው ላይ ወረድኩ። መንገዱ አምሯል፤ የእግረኛው ሰፍቷል፣ መብራቱ አዲስ ነው። ልጅ ሆነን ኳስ የምንጫወትባቸው ሜዳዎች ላይ ግን ፎቅ ቆሟል።

ኮች ታፈሰ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ያስመዘገቡኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝ ከቤት እምብዛም አይወጡም። በሩን ስገፋ ሶፋ ላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ናቲዬ! ወፈርክ እኮ።"

"እዮብ ነኝ ኮች።"

"ለእኔ ናቲ ነህ" አሉና ሳቁ። ቅጹን ሰጠኋቸው፤ ሳያነቡ ፈረሙ። እስክሪብቶውን ሲመልሱልኝ፣ "እንዳንተ ያለ ስንቱን አስመዘገብኩ መሰለህ። ያኔ ያልዋሸ አልተጫወተም" አሉኝ። እፍረት የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አላየሁም። እኔም ለመቆጣት አፍ አልነበረኝም፣ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ።

ልነሳ ስል፣ "ወንድምህ ይፈርምልሃል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ለምን አይፈርምም?"

"እንጃ። አንዴ እኔ ዘንድ መልቀቂያ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር።"

"የምን መልቀቂያ? ናቲ መቼ ተጫውቶ ያውቃል?"

ኮች ታፈሰ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እሱን ጠይቀው" አሉ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠየቅኳቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ያወሩልኝ ጀመር።

ቦሌ ካርጎ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ

ወደ መገናኛ ተመልሼ የቦሌ ታክሲ ለመያዝ ረጅም ሰልፍ ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ አውሮፕላኖቹ ጣሪያ ለጣሪያ እየታከኩ የሚያርፉ ይመስላሉ። ለበሩ ጥበቃ ናትናኤልን እንደምፈልግ ነገርኩት።

"በረኛውን?" አለኝ።

ተቀየምኩ። ስሜን ይዞ እዚህም በረኛ ነኝ እያለ ያወራል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ናቲ አንጸባራቂ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ባጁ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ መጣ። ጉንጬን ሳመኝና ሠራተኞች ምሳ ወደሚበሉባት ቆርቆሮ ቤት ወሰደኝ። ሽሮ አዘዘ። ቅጹን አወጣሁለት፤ እሱ እንደ ኮች ታፈሰ አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"አልፈርምም እዮባ" አለኝ።

"ለምን?"

"ማስረጃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነበር ብዬ ፈርሜ፣ ይሄን ባጅ ሲያድሱልኝ ምን ልበላቸው? እዚህ በስም ቀልድ የለም። ሁለት ልጆች አሉኝ።"

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። "እማዬን ጦሬ፣ ያንተን ትምህርት ቤት ከፍዬ እዚህ ያደረስኩህ በዚያ ስም አይደለም? አንዲት ፊርማ ትነፍገኛለህ?" አልኩት። የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

ናቲ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ኳሷ በእግርህ መሃል የገባች ጊዜ ኮሌጅ ስሜ ሲጠራ ክፍሉ ሁሉ ይስቅ ነበር። ያንን ችዬዋለሁ" አለኝ።

"የመልቀቂያውስ ነገር ምንድን ነው? ኮች ታፈሰ ነግረውኛል።"

እጁን ከትሪው አነሳ። "አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ለክፍለ ከተማ ቡድን ተፈትኜ አለፍኩ። ሊያስመዘግቡኝ ሲሄዱ ይሄ ስም ሌላ ክለብ ተመዝግቧል፣ መልቀቂያ አምጣ ተባልኩ። ኮች ታፈሰ ጋ ሄድኩ። ስሙን ከለቀቅኩ ወንድምህ ይታገዳል፣ ምረጥ አሉኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የዚያን ሳምንት የመጀመሪያ ደመወዝህን አምጥተህ ለእማዬ ፍራሽ ገዝተህ ነበር። እሷ ስትስቅ እያየሁ ምን ልበል?"

ሽሮው ቀዘቀዘ። "የት ነበር የምትጫወተው?" አልኩት።

"በር ላይ ነዋ። ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? አሁንም እሁድ እሁድ ለካርጎ ሠራተኞች ቡድን እቆማለሁ። ጥበቃውም በረኛው የሚለኝ ለዚያ ነው።"

አንድም ቀን ሲጫወት አላየሁትም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል። አፈርኩ፤ ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሂሳቡን እሱ ከፍሎ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ፣ ሰላምን ሰላም በልልኝ አለ።

ገርጂ፣ አሥር ሰዓት ተኩል

በእግሬ እያዘገምኩ ቤት ስደርስ ሰላም ፊቴን አይታ ፈረመ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ጫማዬን ሳላወልቅ ቦሌ ለሚ ደወልኩ።

"ወይዘሪት ሃና፣ ማስረጃው ላይ ያለው ስም የእኔ አይደለም፤ የወንድሜ ነው። በስሙ ተጫውቼ ነው፣ ላስተካክለው አልቻልኩም" አልኳት።

"ወንድምዎ አሁን ሥራ ላይ ናቸው?" አለች።

"ካርጎ ይሠራል።"

"እሳቸውም በረኛ ናቸው?"

"አዎ" አልኩ። "በረኛ ነው።"

"እርስዎን በሌላ ሰው ስም በተጻፈ ማስረጃ መቅጠር አልችልም። እንግዲያው ሰኞ ጠዋት እሳቸው ይምጡ። ወረቀት ባይኖራቸውም ሜዳ ላይ እናያቸዋለን፤ ሰው በቶሎ ያስፈልገናል። ይነግሩልኛል?"

"እነግረዋለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከገርጂ አያት፣ ከአያት ካርጎ፣ ከካርጎ ገርጂ ዞሬ የተማርኩት ይሄ ነው፦ ያኔ የናቲን ዕድል ስወስድ አላውቅም ነበር፣ እናቴ ሰጠችኝ፣ ኮች ታፈሰ ጻፉት። አሁን ግን ሁሉንም አውቃለሁ፣ የማሳብብበትም ሰው የለኝም።

ይህን የምጽፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ናቲ አሁን ሜዳ ላይ ይሆናል። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። ሃና የምትጠብቀው ነገ ጠዋት ነው፤ እስካሁን አልነገርኩትም።