ከባቡሩ ጀርባ ያለው ሰማይ

እንጅባራ ወዳለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ አልፎ አልፎ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም። ኮታቸው ሁልጊዜ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ነው። ኮምፔርሳቶ ጣውላ ሲመርጡ ከማየት ይልቅ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሳሉ።

"ስስ ይሁን፤ ግን እንዳይጎብጥ ከኋላው ቀጫጭን እንጨት በኮላ አጣብቅልኝ። የዚህ አገር እርጥበት አይምርም" ይሉኛል።

አንድ ቀን "ለምን ሊሆንዎት ነው አባቴ?" አልኳቸው።

"ለባቡር።"

በከተማችን ባቡር የለም። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ሰሌዳ ተሸክሜ ቤታቸው ስገባ ግን አየሁት። ጠረጴዛ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራ ትንሽ ባቡር ቆሟል። ከጀርባው፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ የሠራሁላቸው ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ ደረቅ ኮረብታ፣ ግራርና አሸዋ ተስሎባቸዋል።

"በድሬዳዋ መስመር ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቻለሁ" አሉኝ። "ባለቤቴ የዚያ አገር ሰው ነበረች። ጡረታ ስወጣ ለእኔ ብላ መጥታ እዚህ ብርድ ውስጥ ኖረች፣ እዚሁ ተቀበረች። አገርሽን መልሼ አሳይሻለሁ እንዳልኳት ሳልወስዳት ቀረሁ።"

አዲሱን ሰሌዳ አብረን አቆምነው። የቀለም ጣሳ ከፈቱና ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

"ልጄ፣ ሰማያዊው ይኼ ነው አይደል?"

ቀና ብዬ የቀድሞዎቹን ሰሌዳዎች ሥዕል አየሁ። ከኮረብታው በላይ ያለው ሰማይ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። በእጃቸው የያዙትም ቀለም ያው ነው።

"አዎ አባቴ፣ ሰማያዊው ነው" አልኳቸው።

ብሩሹን ነክረው የሚስታቸውን ሰማይ ካቆሙበት ቀጠሉ።