ለጥቅምት ዝናብ የተሳልኩት ስለት

እኔ ስጸልይ ልክ እወስዳለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ሌላ አላውቅበትም። ደንበኛ «ቀሚስ ስፊልኝ» ብቻ ብላኝ ከሄደች ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል እውላለሁ፦ ርዝመቱ? እጅጌው? ለመቼ? ለፈጣሪም እንዲሁ ነው። «ጤና ስጠኝ» ብዬ አልተውም፤ «በተለይ የስፌት መኪና የምረግጥበትን ቀኝ እግሬን፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት» እላለሁ። የንስሐ አባቴ አንድ ጊዜ ሰምተውኝ «ልጄ፣ እሱ እኮ እግርሽ የት እንዳለ ያውቃል» ብለውኛል። ማወቁንስ ያውቃል፤ ግን ማስታወስ ምን ይጎዳል?

መተማ ዮሐንስ በመጣሁበት ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ልክ ሳልወስድ ጸለይኩ።

ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ ጮቄ ግርጌ ባለች ከተማ ነው። እኛ ጋ ጥቅምት ማለት ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ነው። መተማ የደረስኩት በነሐሴ መጨረሻ ነበርና ዝናቡ ገና አላባራም፤ «ቆላ ቆላ የሚሉት ይኼን ነው እንዴ?» ብዬ ንቄ ነበር። ጥቅምት መልሱን ሰጠኝ። መቀሴን ከጠረጴዛ ሳነሳት ታቃጥለኛለች። ካውያዬ ከሰል ሳይገባበት ሸሚዝ ይተኩሳል ብል ውሸት ይሆናል፤ ኮሌታ ግን አያቅተውም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀን በስድስት ሰዓት፣ አንገረቡ ላይ፣ ማለትም በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ዝናብ አሰጠኝ። ቶሎ። ብዙ። ካሰጠኸኝ በእጄ የሰፋሁትን ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» አልኩ። ቦታ አልጠቀስኩም። ለዝናብ ብዬ ጃንጥላ መሳሌም ያን ጊዜ አላሳቀኝም።

በክፋት አልነበረም። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አራት ሄክታር ሰሊጥ የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። በዚያው ሰሞን ከእርሻ ተመልሰው «ተመስገን፣ ታጨደ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ የከተማ ልጅ፣ ታጨደ ማለት ጎተራ ገባ ማለት መሰለኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በቋራ በኩል ደመና ብቅ አለ። አከራዬ ደጃፌ ላይ ቆመው በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው አዩት።

«ይኼ ደግሞ ምን ረስቶ ነው የተመለሰው?»

«ይዝነብ እንጂ እትዬ! ትንሽ ይበርድልናል።»

ቤተ ክርስቲያን የገባ ውሻ እንደሚያዩ አዩኝ።

«ምላስሽን ቁረጪው! ሰሊጤ እኮ ሜዳ ላይ ቆሟል!»

«ታጨደ ብለውኝ የለም እንዴ?»

«ታጭዶ ነዋ የቆመው!»

ለካ ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይከመርም። ነዶው ራስ ለራስ ተደጋግፎ እንደ ትንሽ ጎጆ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። እዚያ ፀሐይ ሲያገኘው ፍሬውን የያዘው ቆብ አፉን እየከፈተ ይደርቅና ሸራ ላይ ይራገፋል። አፉን እንደከፈተ ዝናብ ከመታው ግን ፍሬው ጭቃ ውስጥ ይረግፋል፤ የተረፈውም ይጠቁራል።

«ዓመቴ በሙሉ እዚያ ነው ያለው» አሉ። «አፉን ከፍቶ።»

እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ወደ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጸሎት እንዴት ይመለሳል? የተሰፋ ልብስ ቢሆን እተረትረው ነበር። «ሚካኤል ሆይ፣ ያ የማክሰኞው ይቅር፤ ሙቀት ነው ያናገረኝ» አልኩ። ደመናው ጠቆረ። አርባ አንድ ጊዜ ሰገድኩ። ነፋስ ተነሣ። «ካስቀረህልኝ ሁለት ጃንጥላ» አልኩ። ነጎደ። «ሦስት!» ስል ደግሞ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ ጃንጥላ ስጨምር ጊዜ ሰማይ ቤት ዝናብ የጨመርኩ እየመሰላቸው ቢሆንስ?

ነጠላዬን አጣፍቼ በባጃጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረርኩ። እዚህ መጥቼ የያዝኳቸው የንስሐ አባቴ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አልከፈት ካላቸው የጠበል ጀሪካን ጋር ይታገሉ ነበር።

«አባቴ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ። ዝናብ ጠርቻለሁ።»

«ምን ጠርተሻል?»

«ያንን።» በጣቴ ወደ ሰማይ አሳየኋቸው።

ደመናውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ደግመው ደመናውን አዩ።

«ያን ሁሉ? ብቻሽን?»

«ብዙ ብዬ ነበር።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምሕላ ስመራ አንድ ቀን እንኳ ባልኩት ሰዓት ዘንቦ አያውቅም። አንቺ ትናንት ከጎጃም መጥተሽ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ፤ ጀሪካኑም ተንከባለለ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬን ሲያዩ ሳቁን ዋጡት።

«ስሚ ልጄ። ፈጣሪን ባጃጅ አደረግሽው እኮ! ና ስትይው የሚመጣ፣ ቀርቷል ስትይው የሚዞር። የጥቅምት ደመና አንቺ ሳትወለጂም ይመጣ ነበር። ሰማዩ የቆመው አንቺ አሳክተሽ ስለጸለይሽ አይደለም፤ ባትችይበትም አይወድቅም።»

«ስለቱስ?»

«አንድ ጃንጥላ ይበቃል። ስለትሽ እርስ በርሱ ስለተጣላ እኛ አናተርፍበትም። ቀኖናሽ ሌላ ነው፤ ሂጂና ለሴትዮዋ ንገሪያት።»

«አባቴ፣ በስግደት ቢሆንልኝ? ሦስት መቶ?»

«ሂጂ!»

ቤት ስደርስ ትራክተር ደጃፍ ቆሟል፤ አከራዬ ተጎታቹ ላይ ከሸራ ክምርና ከሦስት የወሎ ልጆች ጋር ተቀምጠዋል። ልጆቹ ለአጨዳ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

«ጎጃሜ! መርፌሽን ይዘሽ ውጪ! ሸራው ተቀዷል፤ እየሄድን ትሰፊዋለሽ።»

መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ ትራክተሩ ይዘላል፤ እኔ ጭኔ ላይ የሸራ ቀዳዳ ዘርግቼ በወፍራም መርፌ እሰፋለሁ፣ በልቤ ደግሞ ኑዛዜዬን አሰናዳለሁ። በስተመጨረሻ ደፈርኩ።

«እትዬ፣ ዝናቡን የጠራሁት እኔ ነኝ!»

የትራክተሩን ድምፅ ለመብለጥ ጮኼ ስለነበር የወሎ ልጆችም ዞሩ። ስለቱን ነገርኳቸው፤ ሦስቱንም ጃንጥላ። አከራዬ ፊታቸው አልተነበበልኝም። ወርጄ ልሮጥ አሰብኩ፤ ብነሣ ብነሣ አልሆነም። ሸራውን ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼዋለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም፤ ስፌቱ ደግሞ ጠንካራ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሐምሌ ላይ ቡቃያዬ ሲጠወልግ የት ነበርሽ?»

«አልመጣሁም ነበር እትዬ።»

«ለከርሞ ቀኑን እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

ከወሎዎቹ አንዱ «ኧረ እትዬ፣ እቺን ሴት እንዳይለቋት፤ መስኖ እኮ ናት!» አለ። ተጎታቹ በሳቅ ተናወጠ። አከራዬ እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ባሌን ቀብሬ በወሩ ዘርቻለሁ። አንበጣ የበላብኝ ዓመት አለ። እንዳሁኑ ሂላ ቆሞ ዝናብ የመታብኝም አለ፤ አንድ ኩንታል አልገባልኝም። የሚያኖረኝ ሰሊጡ ቢሆን ያኔ አልቆልኝ ነበር። እሱ ፈጣሪ ይዞኝ ነው ያለሁት። አሁንም ይዘንብ እንደሆን ይዘንባል። እኛ ሸራውን እንያዝ።»

እርሻው ስንደርስ ነፋሱ ነጠላ ይገፋል። ሂላዎቹ በመስመር ቆመዋል፤ ከመጨረሻው ረድፍ ስድስቱ ወድቀዋል። ልጆቹ ሸራውን «አንድ፣ ሁለት!» ብለው ሲስቡ እኔም አብሬ ተሳብኩ። «ቆይ፣ ሰው አለበት!» ብል ማን ሰምቶኝ። በጉልበቴ እየዳኽኩ ከሸራው ጋር ሁለት ሂላ ዞርኩ። አከራዬ በጥርሳቸው ክሩን በጥሰው አላቀቁኝ።

ያኔ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ፤ ወፍራም፣ ለብ ያለ። ሁለተኛው ሸራው ላይ ጧ አለ። ወደ ሰማይ ቀና ብዬ «ከዚያች ግራር እስከዚህች ግራር፣ ቢያንስ እስከ ቅዳሜ» ልል አፌን ከፈትኩ። አከራዬን አየኋቸው። የሸራውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። አፌን ገጠምኩና እኔም ጫፌን ያዝኩ። «እግዚኦ» ብቻ አልኩ። ከዚያ ወዲያ የምለው አልነበረኝም።

ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ነፋሱ ዞረ። ደመናው እላያችን ላይ እያጉረመረመ አለፈና በገላባት በኩል፣ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ላይ፣ ግራጫ መጋረጃውን ለቀቀው።

«ኬላ ሳይፈተሽ ተሻገረ!» ብሎ ጮኸ ያ የወሎው ልጅ። አከራዬ እልል አሉ። እኔም እልል ልል ጀምሬ መሐል ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ማዶስ ሰሊጥ ያቆመ ሰው ይኖር ይሆን?»

«ምነው፣ ልትመልሽው ነው?» አለ ልጁ፤ ሸራውን ጥሎ ሊሸሽ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

አከራዬ አልሳቁም። ዝናቡን ትንሽ አዩት።

«ይኖራል እንጂ። እንደኔ ያለች ሴትም ትኖራለች» አሉ። «ለሷም ያለው ይኸው የኛው ፈጣሪ ነው፤ ሌላ የላትም።»

ከዚያ ወደ ማዶ ዞረው አማተቡና «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። የወሎ ልጆች ባርኔጣቸውን አወለቁ። አብረን ጨረስነው፤ የወደቁትን ስድስት ሂላዎችም ለማንሣት እጅጌያችንን ሰበሰብን።