ሃምሳ በሃምሳ የተቆረጠው ላሜራ

መጀመሪያ ይቅርታ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የእኔ ጽሑፍ ቢበዛ የስልክ መልእክት ነው። የሰው ታሪክ ልጻፍ ማለቴ ድፍረት መሆኑ አይጠፋኝም። ፊደል ብስት አንባቢ ያቃናልኝ። ግን ይሄን ነገር ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ባፈና ራሱ ነው፤ ጻፈው ያለኝም እሱ ነው።

ባፈና በያጅ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ጋሽ ፍሰሐ ብረታ ብረት ቤት፣ የግቢ በርና መስኮት ሲሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ላሜራ ላይ በጠመኔ የሚያሰምረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ «ቁረጥ» ሳይል ማንም ግራይንደር አያስነሳም። ያ ሰው ባፈና ነበር። ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ዓይኑ ሜትር ነው ይባልለታል። ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ፍሰሐ ገና ሳይቀመጡ «ባፈና ይየው!» ይላሉ። ለዚያች ቃል ነበር የሚኖረው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ሴና መጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀች። ብትኮራበት ይሻለው ነበር፣ እሷን የሚጠላበት ምክንያት ያገኝ ነበር። እሷ ግን «ጋሼ» እያለች ወንበር ትለቅለታለች። በሦስተኛ ወሯ ጋሽ ፍሰሐ «ባፈና ይየው» ሊሉ ጀመሩና መሐል ላይ «ወይም ሴና ትየው» አሉ። ያን ቀን ባፈና ምሳውን ሳይከፍት ወደ ቤቱ መለሰው።

አንድ ሰኞ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ቢሮ ያላቸው ጠበቃ ከድሮ መስኮታቸው የተነቀለች፣ መዳፍ የምታክል ጌጥ ይዘው መጡ። ባለ አራት ጎን ናት፣ በሹል ጫፏ የምትቆም። «ይቺኑ አሥር እጥፍ አሳድጋችሁ የግቢዬ በር መሐል ግጠሙልኝ» አሉ። በሩ ተሠርቶ አልቋል፤ መሐሉ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ ወርዱ ስድሳ፣ ቁመቱ ሰማንያ ሳንቲም ነው።

ባፈና አራቱንም ጎኖች ለካ። እያንዳንዳቸው አምስት ሳንቲም።

«ካሬ ናት፤ አጋድለው ያቆሟት ካሬ። በአሥር ስታድግ ሃምሳ በሃምሳ» አለ።

ሴና ግን ጌጧን ካሬ ደብተር ላይ አስተኛቻት። የገጹን ጥግ ዜሮ አለች፣ አንዷን ሳጥን አንድ ሳንቲም። ከዚያ የየጫፉን አድራሻ ጻፈች። የታችኛው ወደ ቀኝ ሦስት፣ ወደ ላይ ዜሮ። የቀኙ ስድስትና አራት። የላይኛው ሦስትና ስምንት። የግራው ዜሮና አራት።

«ጎኖቹስ እኩል ናቸው፣ ልክ ነዎት ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ካሬ ቢሆን ወርዱና ቁመቱም እኩል ይሆኑ ነበር። ይሄ ስድስት በስምንት ነው፣ ሮምበስ ነው። ሁሉንም ቁጥር በአሥር ካበዛነው ስድሳ በሰማንያ ይወጣል፤ ልክ ክፍቱን።»

«አየህ ባፈና? ጭንቅላት!» አሉ ጋሽ ፍሰሐ።

ቆራጩ ኢፋ ደግሞ «ባፌ፣ በቃ ጠመኔህን ጡረታ አውጣት!» ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ባፈናም አብሮ ሳቀ፤ በልቡ ግን እንዲህ አለ፦ «እኔ እጄን እሳት ሲበላው እሷ የት ነበረች?» ደግሞ ቁጥሮቹን ያነባቸዋል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይገባውም። «ሴና፣ እስቲ አስረጂኝ» ማለት ከሞት አልተለየበትም።

ሴና የግራይንደር ዲስክ ልትገዛ ሜክሲኮ አደባባይ ሄደች። ጋሽ ፍሰሐም ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ባፈና የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ አነሳና ሃምሳ በሃምሳ አሰመረ።

«ቁረጥ።»

«ልጅቷ ስድሳ ምናምን አላለችም እንዴ?» አለ ኢፋ።

«ቁረጥ አልኩህ!»

ተቆረጠ። በሹል ጫፉ በሩ ላይ ቢያቆሙት በግራም በቀኝም አምስት አምስት ሳንቲም ከክፍቱ አልፎ ወጣ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ጎደለ። ላሜራው ተበላሸ። ጋሽ ፍሰሐ ሲመለሱ «ማነው ይሄን ያሰመረ?» ብለው ጮሁ።

እውነቱን ልናገር ነበር አፌን የከፈትኩት፣ ይላል ባፈና። የወጣው ግን «ከሷ ወረቀት ነው» የሚል ነው።

ሴና ዲስኩን እንደያዘች የቤቱ መግቢያ ላይ ቆማ ሰማችው። አየችውና ዲስኩን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ኢፋም መሬት መሬት አየ። ጋሽ ፍሰሐ ወረቀቱን አንስተው እንኳ አላዩም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው የሠራ ሰው ይዋሻል ብለው አልጠረጠሩም።

«አንቺ ከነገ ጀምሮ ቀለም ቅቢ» አሏት። «ልኩን ባፈና ይየው።»

ቃሏ ያቺው የድሮዋ ነበረች። ባፈና ግን ቀና ብሎ ሊሰማት አልቻለም።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ሠራተኛው እስኪሞላ ጠብቆ፣ ሁሉም እየሰማው፣ «ሃምሳ በሃምሳ ያልኩት እኔ ነኝ። የልጅቷ ወረቀት ልክ ነበር። ቀንቼ ነው፣ ጋሽ ፍሰሐ» አለ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሴና ጠቆሙት።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«እርስዎ ይዋሻሉ ብዬ አስቤ አላውቅም» አለች። ደብተሯን ይዛ አዲሱ ላሜራ ላይ ጎንበስ አለች።

ባፈና ቅናቱ ለቀቀኝ አላለኝም። ግን ተንበርክኮ፣ እንደ ጀማሪ፣ የሜትሩን ጫፍ ጥጉ ላይ ያዘላት።

«ወደ ቀኝ ሠላሳ» አለች ሴና። «አጥብቀው ይያዙ፣ እንዳይንሸራተት።»

አጥብቆ ያዘ።