የቦውሊንግ ሰባት ቤት

ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ ቦውሊንግ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት አንድ ጠርሙስ የጫማ መድኃኒትና ግድግዳ ሙሉ ጫማ ነበር። ተጫዋች ጫማውን ሲመልስ ውስጡን እረጫለሁ፣ በጨርቅ እወለውላለሁ፣ በቁጥሩ እደረድራለሁ። ኳስ መንካት የለም። ሀብታምና ድሃ በእግር ሽታ እኩል መሆናቸውን የተማርኩት እዚያ ነው።

ከፊት ለፊቴ ጨዋታውን ለእንግዳ የሚያስረዳው ሰው ይቆማል። ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ የሚሸተውም የራሱን ሽቶ ብቻ ነው። ቀናሁበት። ሰውዬው ሥራ ሲለቅ ሥራ አስኪያጃችን አቡ ናስር ጠራኝ።

"ሐሙስ የባለቤቱ አባት ይመጣሉ። ቦውሊንግ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አሳምረህ ካስረዳሃቸው ቦታው ያንተ ነው። ካልሆነ ኸላስ፣ ወደ ጫማህ።"

ትምህርቱን በስልክ ላከልኝ። ቦውሊንግ የመጣው ቦውል ከሚለው እንግሊዝኛ ነው፤ ማንከባለል ማለት ነው። ቦውል ከፈረንሳይኛው ቡል መጣ፤ ኳስ ነው። ቡል ደግሞ ከላቲኑ ቡላ፤ የውሃ አረፋ ማለት ነው። የምንበላው ቡላ እንዳይመስላችሁ።

ደጋግሜ ባነበው አንዱም አልያዝ አለኝ። ጎረቤት ከተማ ደማም ውስጥ አብሮኝ የሚኖረው አበራ መላ አመጣ።

"አንተ የአባትህን ዘር ትቆጥር የለ? እንደሱ ቁጠረዋ።"

እውነቱን ነው። አባቴ ዘመዴን እንዳላገባ ብሎ በልጅነቴ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥረኝ ነበር። ካጓደልኩ ኩርኩም አለ። ቦውሊንግንም እንደዚያው እየቆጠርኩ በታክሲ ስሄድ፣ ሹፌሩ የምጸልይ መስሎት ሬዲዮኑን ቀነሰልኝ።

ሐሙስ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

"ያ ሐበሺ፣ ይሄ ቦውሊንግ የምትሉት ምንድን ነው?"

"ዘሩን ልቁጠርልዎት፣ ያ ዐሚ?" አልኩ፤ አጎቴ ማለት ነው።

ዘር ሲባል ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ቁጠር።"

"ቦውሊንግ የቦውል ልጅ ነው፤ ቦውል ማንከባለል ነው። ቦውል የቡል ልጅ ነው፤ ቡል ኳስ ነው። ቡል የቡላ ልጅ ነው፤ ቡላ የውሃ አረፋ ነው።"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አራት ቤት ብቻ ነው፤ የእኔ አፍ ደግሞ ሰባት ሳይሞላ ተዘግቶ አያውቅም። ኩርኩሙ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ "ቡላ የተሰማ ልጅ፣ ተሰማ የወልዴ፣ ወልዴ የጓንጉል" ብሎ ጨረሰው።

"ተሰማ ማነው?" አሉ ሽማግሌው።

"አባቴ ነው።"

አቡ ናስር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም አፈርኩ። ያ ንጹሕ ሸሚዝ ሲሄድ ታየኝ።

"በሕይወት አለ?"

"አለ፤ ጎጃም ነው።"

"ቦውሊንግ ይጫወታል?"

"ኧረ አይቶትም አያውቅ።"

ሽማግሌው ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ቦታውን አገኘሁ። "ተሰማ ግን ይቅር" አለኝ አቡ ናስር። በሳምንቱ ሽማግሌው ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። አራት ቤት ቆጥሬ ዝም አልኩ።

"ተሰማስ?"

"ሙዲሩ አቡ ናስር አስቀርቶታል።"

"እንግዲያው ሙዲሩን ጫማ ጋ አቁሙትና ተሰማን መልሱት።"

ተሰማ ተመለሰ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። የቦውሊንግን ምንነት አልጠየቀኝም።

"ሰባት ሞላህ?" አለኝ።

"ሞላሁ።"

"ጎሽ።"

ለእንግዳ የምታስረዱ ጀማሪዎች፣ የምታውቁት ሲያልቅ አቁሙ። ካላቆማችሁ ደግሞ የራሳችሁን ሰው ስም ጥሩ።